የለንደን መድረኮችና የመንገደኛው ምርጫ

በሩቅ አገር ለጥቂት ቀናት የሚሰነብት መንገደኛ ሊያያቸው ከሚመኛቸው ነገሮች አብዛኞቹ ባሉበት ቆመው የሚጠብቁት ናቸው፤ ቤተ መዘክሩ ዛሬ ቢዘጋበት ነገ ይከፈትለታል፣ ወንዙና ድልድዩ ማለዳም ማታም በስፍራቸው ናቸው፣ ነገሥታት የተቀበሩበት ታላቁ ደብርም ለብዙ መቶ ዓመታት የቆመ እንደ መሆኑ በአንድ ቀን መዘግየት የሚጐድልበት ነገር የለም። ተውኔት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። ሰዓቱ ሲደርስ መጋረጃው ይገለጣል፣ ሰዓቱ ሲፈጸም ይዘጋል፤ በዚያች ምሽት በአንዱ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው የቀሩትን አዳራሾች ሁሉ ትቷቸዋል፤ የተዋቸውም ተውኔቶች፣ ነገ በዚያው መድረክ በእነዚያው ተዋንያን ቢደገሙም እንኳ፣ በዚያች ምሽት የሆኑትን ሆነው ዳግመኛ አይመለሱም። ስለዚህ መንገደኛን ከሚገጥሙት ምርጫዎች ሁሉ የተውኔት ምርጫ ከባዱ ይመስለኛል፤ በዚሁ ነገር በለንደን ከተማ ያየሁትንና ያሰብሁትን እዚህ መጻፌም፣ ወደዚያች ከተማ የሚሄድ የአገሬ ሰው ምሽቱን በከንቱ እንዳያሳልፍ በማሰብ ነው። የማነሣቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ለንደን በዚህ በኩል ባለጸጋ ከተማ ናት። ከሌስተር አደባባይ ተነሥቶ በሻፍትስበሪ ጎዳና ዞሮ፣ ኮቨንት ጋርደንን አቋርጦ እስከ ስትራንድ ጎዳና በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ አርባ ከሚያህሉት ታላላቅ ትያትር ቤቶች የብዙዎቹን ደጅ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይሳለማል። ከእነዚህም አንዱ፣ ድሩሪ ሌን በተባለው ስፍራ ያለው ንጉሣዊ ትያትር፣ በዳግማዊ ቻርልስ ዘመነ መንግሥት በ1663 የተመሠረተ ሲሆን አሁን የቆመው ሕንፃው በ1812 የተሠራ ነው፤ በሄይማርኬት ጎዳና ያለውም፣ ፊቱን ስድስት ዓምዶች የተሸከሙለት፣ በሥነ ሕንፃ ሊቁ በጆን ናሽ ነዳፊነት በ1821 የቆመ ነው። በአዲስ አበባ ሀገር ፍቅር ትያትር በ1927 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትርም በ1948 ዓ.ም. በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ደጁን እንደ ከፈተ ለምናስታውስ ሰዎች (እነዚህ ሁለቱ ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው)፣ ይህን ያህል ቤት በአንድ ሰፈር ተሰብስቦ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም በአንድነት መጋረጃውን ሲገልጥ ማየት የሚያስደንቅም የሚያስጨንቅም ነው።

መንገደኛው በዚህ ጭንቀት ሳለ መካሪ አያጣም። ወደ ምድር ውስጥ ባቡር በሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ግራና ቀኝ የተሰቀሉት ማስታወቂያዎች፣ ጋዜጦች የሰጧቸውን ኮከብ እየቈጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን ያመሰግናሉ። የሆቴሉ አስተናጋጅ ቢጠየቅ፣ ከዚህ ቀደም ደርሶ የተመለሰ ወዳጅም ቢጠየቅ፣ ምክራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም ብዙ ዘመን የቈየውን ተመልከት የሚል ነው። ምክሩ ከቅን ልቡና የሚወጣ ቢሆንም እኔ አልቀበለውም፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

ብዙ ዘመን በመቈየት በዓለም ላይ አቻ ያልተገኘለት ተውኔት አጋታ ክሪስቲ የጻፈችው «የአይጥ ወጥመድ» ነው። በለንደን ኖቬምበር 25 ቀን 1952 በአምባሳደርስ ትያትር ጀምሮ፣ በ1974 እዚያው ጎረቤቱ ወደ ሆነው ሴንት ማርቲንስ ትያትር ተዛውሮ፣ በ2020 ወረርሽኙ የትያትር ቤቶችን ደጅ ሁሉ እስኪዘጋ ድረስ ሳያቋርጥ ታይቶ፣ በ2021 ደግሞ ተመልሶ እነሆ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ለውጭ ሰው እንዳይነገር ተመልካቹ በፍጻሜው ላይ ከመድረኩ አደራ ይቀበላል፤ እኔም አደራውን ጠብቄ ስለ ታሪኩ ዝም እላለሁ። በእንጨት የተለበጠችው ያቺ ጠባብ አዳራሽ ራሷ መታየት የሚገባት ናት፤ ተዋንያኑም ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ነገር ግን በዙሪያዬ የተቀመጠውን ሕዝብ ስመለከት፣ ከመግቢያው አጠገብ ከቆመውና የዕለቱ ትርኢት ስንተኛ እንደ ሆነ ከሚያሳየው የእንጨት ሰሌዳ ፊት ፎቶግራፍ ለመነሣት የሚጋፋውን ሳይ፣ ብዙው ሰው የመጣው ተውኔቱን ለማየት ሳይሆን የተውኔቱን ዕድሜ ለማየት መሆኑ ተገለጠልኝ። ዕድሜን ማየት ደግሞ በቤተ መዘክርም ይቻላል።

የተውኔት ዕድሜ ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ለመራጭ ይጠቅመዋል። ትልቅ ሙዚቃዊ ተውኔት መጋረጃው ገና ሳይገለጥ በሚሊዮን የሚቈጠር ፓውንድ ይወጣበታል፤ ይህንም ወጪ የሚመልሰው በየሳምንቱ ስምንት ጊዜ እየታየ፣ በየሳምንቱም አዲስ እንግዳ እየተቀበለ ነው፤ እንግዳ ከማያልቅባት ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ተመልሶ ባይመጣም ቤቱ ይሞላል። በአንጻሩ የታወቀ ተዋናይ የሚሠራበት የቃል ተውኔት፣ ተዋናዩ ሌላ ውል ስለሚጠብቀው፣ ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ሳምንት ብቻ ታይቶ ሊፈርስ ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው መቈየት የጥራት ምስክር አይሆንም፤ የሁለተኛው ማጠርም የድካም ምልክት አይደለም። ከዚህም የተነሣ፣ ሁለቱ እኩል በሚመስሉበት ጊዜ፣ የሚያልፈውን አስቀድሞ ማየት ይገባል እላለሁ፤ የሚቈየው የሚቀጥለውን መንገደኛም ይጠብቃልና።

ሐያስያንንም ቢሆን እንደ ነቢያት አድርጎ መያዝ አይገባም። በ1985 በጥቅምት ወር ባርቢካን በተባለው የኪነ ጥበብ ማዕከል «ሌ ሚዜራብል» ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲታይ ከጋዜጣ ሐያስያን ብዙዎቹ ነቅፈውት ነበር፤ ሕዝቡ ግን በትኬት መሸጫው ደጅ ተሰለፈ፤ ተውኔቱም በሻፍትስበሪ ጎዳና፣ ቀድሞ ንግሥት ይባል በነበረውና በ2019 ስቲቨን ሶንድሃይም በተባለ በሌላ የሙዚቃ ተውኔት ደራሲ ስም በተጠራው ቤት፣ እስከ ዛሬ ይታያል። እንዲህም ሆኖ እኔ ይህን ተውኔት አይቼ ደስ ያሰኘኝ የሕዝቡ ብዛት አይደለም። የቪክቶር ሁጎን ታላቅ መጽሐፍ፣ የ1862ቱን፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ወደ አማርኛ ስለ መለሱት በወጣትነቴ አንብቤው ነበር፤ ዣን ቫልዣን የጳጳሱን የብር ዕቃ ሰርቆ በወታደሮች ተይዞ ሲመጣ፣ ጳጳሱም ዕቃውን እኔ ነኝ የሰጠሁት ብለው መቅረዙን ጭምር ሲጨምሩለት፣ ዘፈኑ ምን እንደሚል ቃል በቃል ሳልሰማ ልቤ ቀድሞ ተረዳው። በአጠገቤ የተቀመጡት ባልና ሚስት ግን የሩቅ አገር ሰዎች ነበሩና፣ መጽሐፉንም አላነበቡም ነበርና፣ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ለምንስ ምሕረት እንደ ተደረገለት እርስ በርሳቸው እየተጠያየቁ የተውኔቱን እኩሌታ አሳለፉት።

ከዚያች ምሽት ወዲህ የምርጫዬ መሠረት ይህ ሆኗል፤ ይኸውም በምሽቱ ተዘጋጅቼ ልቀበለው የምችለውን ተውኔት መምረጥ ነው። በአብነት ትምህርት ቤታችን ተማሪ ንባብ ሳይለይ ወደ ዜማ አይገባም፤ ዜማውንም ሳያውቅ በማሕሌት መካከል ቢቆም ድምፁ ብቻ ይደርሰዋል እንጂ ምሥጢሩ አይገለጥለትም። አባቶች ይህን ሥርዓት ያኖሩት ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ነገር ግን በባዕድ ቋንቋ የሚዘመርና የሚነገር ተውኔት ለማየት ለተዘጋጀ ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላገኘሁለትም። ንባቡ ይቅደም፤ ዜማው ይከተል። ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ ደስታውን ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ ገዳዩ ማን ነው በሚል ጥያቄ ላይ ብቻ ለቆመ ተውኔት ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ታላቅ ተውኔት ግን ፍጻሜው በመታወቁ አንዳች አይጐድልበትም። የጥንት ግሪኮች የኤዲፐስን መጨረሻ ከልጅነታቸው ያውቁት ነበር፤ ቢያውቁትም ወደ ትያትሩ ከመሄድ አልቀሩም።

ከብዙዎቹ ታላላቅ ሙዚቃዊ ተውኔቶች በስተኋላ አንድ እናት መጽሐፍ መኖሩን መንገደኛ አይዘንጋ። «የኦፔራው መንፈስ» የፈረንሳዊው የጋስቶን ለሩ የ1910 ልብ ወለድ ልጅ ነው፤ የድመቶቹም ተውኔት፣ በ1981 የጀመረው፣ ቲ. ኤስ. ኤልየት በ1939 ለልጆች ካሳተማቸው ግጥሞች የተወለደ ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 1986 ጀምሮ «የኦፔራው መንፈስ» በሚታይበት በሄይማርኬት ጎዳና ባለው በሌላው ቤት፣ በንጉሡ ትያትር ውስጥ ተቀምጬ፣ ግዙፉ የብርሃን ዘውድ ከጣራው ወደ መድረኩ ሲወርድ ሕዝቡ በድንጋጤ ሲጮኽ፣ እኔ አስብ የነበረው በዚያው ቤት በ1914 በርናርድ ሾው «ፒግማልየን» የተባለውን ተውኔቱን ለእንግሊዝ ሕዝብ እንዳሳየ ነበር። ሾው በሕይወቱ ሳለ ያን ተውኔት በዘፈን እንዲለውጡበት ቢለመን እምቢ አለ፤ በ1950 ካረፈ በኋላ ግን በ1956 በኒውዮርክ፣ በ1958 ደግሞ በድሩሪ ሌን «ማይ ፌር ሌዲ» ሆኖ ወጣ። ሾው ስለ ሰው ቋንቋና ስለ ሰው ማዕረግ የጻፈውን ያነበበ፣ በዘፈኑም ውስጥ ያንኑ ቍጣ ይሰማል፤ ያላነበበ የሚያምር ልብስ አይቶ ይመለሳል።

ሙዚቃዊ ተውኔት ቋንቋውን በሚገባ ለማያውቅ ሰው ይቀላል የሚለውም ሐሳብ ሁልጊዜ አያስኬድም። የሊን ማኑኤል ሚራንዳ «ሃሚልተን»፣ በ2017 መጨረሻ በለንደን ቪክቶሪያ ፓላስ የጀመረው፣ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ቃላት በውስጡ አሉት፤ አብዛኛውም በጥድፊያ የሚነገር የራፕ ግጥም ነው። እንግሊዝኛን በመጻሕፍት የተማረ ጆሮ ይህን ፍጥነት ሲከተል ቆይቶ ይደክማል። የጽሑፉን ግጥም አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን፣ አንድ ስደተኛ ወጣት በብዕሩ ብርታት ከአዲስ አገር መሥራቾች አንዱ እስኪሆን የወጣበትን ዳገት ሲያይ፣ ቃሉም ለምን እንዲያ እንደሚሮጥ ይረዳዋል።

ወደ ሼክስፒር ስመጣ ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ መልክ አለው፤ ንባቡ በገዛ ቋንቋችን ተሠርቶልናልና። ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልየትን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን በአማርኛ ስንኝ አቅርበውልናል። ጸጋዬ በወጣትነታቸው በዚያችው ለንደን፣ በስሎን አደባባይ ባለው በሮያል ኮርት ትያትር የመድረክን ጥበብ የተማሩ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ ቤት ፊት ለፊት ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም፤ እኔም ቆሜ ተመለከትሁት። ያ ቤት ጆን ኦዝቦርን በ1956 «በቍጣ ወደ ኋላ ተመልከት» የተባለውን ተውኔቱን ያሳየበትና የእንግሊዝን መድረክ ከሳሎን ወሬ ወደ ተራው ሰው ብሶት የመለሰበት ነው።

ከለንደን መድረኮች ሁሉ ግን ልቤን የወሰደው በቴምዝ ወንዝ ደቡብ ዳር የቆመው የግሎብ ትያትር ነው። የመጀመሪያው ግሎብ በ1599 ተሠርቶ፣ በ1613 የሄንሪ ስምንተኛን ታሪክ ሲያሳዩ ለክብር የተተኰሰው መድፍ የሣር ክዳኑን አቀጣጥሎት ተቃጠለ፤ በዚያ እሳት የሞተ ሰው የለም፤ ሱሪው ለተያያዘበት አንድ ሰውም እሳቱን በቢራ አጥፍተውለታል ይባላል። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ተሠራ፤ በ1642 ተውኔትን እንደ ኃጢአት የሚቈጥሩት ወገኖች ሥልጣን በያዙ ጊዜ ተዘጋ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ፈረሰ። ዛሬ የምናየውን ያቆመው ሳም ዋናሜከር የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ነው። ይህ ሰው በ1949 ለንደን ደርሶ የሼክስፒርን ትያትር ቢፈልግ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንድ ሰሌዳ በቀር ምንም አጣ፤ በ1970 ማኅበር አቋቁሞ የቀረውን ዕድሜውን ለዚሁ ሥራ ሰጠ፤ በ1993 ዐረፈ፤ ቤቱም በ1997 ተመረቀ። የሣር ክዳን በ1666 ከነበረው ታላቅ ቃጠሎ ወዲህ በለንደን ተከልክሎ ኖሮ ለዚህ ቤት ብቻ ተፈቀደለት። አንድ ሰው ለባዕድ አገር ባለቅኔ ይህን ያህል መድከሙን ባሰብሁ ቍጥር፣ በአገራችን ስንት ሊቃውንት መታሰቢያ ሳይቆምላቸው እንደ ቀሩ ትዝ ይለኛል፤ ይህንንም ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም።

በግሎብ ከመድረኩ ፊት ለፊት ያለው ግቢ ጣራ የለውም፤ ሰባት መቶ ያህል ሕዝብ በዚያ ቆሞ ይመለከታል። በሼክስፒር ዘመን የዚህ ስፍራ ዋጋ አንድ ፔኒ ነበረ፤ በአዲሱም ቤት ለብዙ ዓመታት በ5 ፓውንድ ሲሸጥ ኖሯል፤ አሁንም ከከተማይቱ ትኬቶች ሁሉ ርካሹ ከሆኑት አንዱ ነው። መቀመጥ አይፈቀድም፣ ጃንጥላ መዘርጋትም አይፈቀድም፤ ዝናብ ከመጣ ይዘንባል፣ ተዋንያኑም አያቋርጡም። የእኛ ሰው ግን ሌሊቱን በማሕሌት፣ ማለዳውን በቅዳሴ ቆሞ ያደገ ስለ ሆነ ሦስት ሰዓት መቆም አያስፈራውም፤ እኔም መቋሚያ ባይኖረኝም የመድረኩን ጠርዝ ተደግፌ ማክቤዝን ያየሁት እንዲሁ ነው።

ትርኢቱ የቀን ነበርና ሰማዩ ብሩህ ነበረ። ግሎብ ተዋናዩንና ተመልካቹን የሚለይ መብራት አያበራም፤ ሁሉም በአንድ ብርሃን ውስጥ ናቸው። ማክቤዝ ግን አብዛኛው የሌሊት ተውኔት ነው፤ ንጉሥ ዳንከን የሚገደለው በድቅድቅ ጨለማ ነው። በሌላ አዳራሽ ቢሆን መብራቱ ይደበዝዝ፣ ጭስ ይነሣ፣ ከበሮ ይመታ ነበር፤ በዚህ ግን ከቃል በቀር ጨለማውን የሚያመጣው ነገር የለም። ተዋናዩ ጸሐይ በፊቱ ላይ እያበራች ስለ ሌሊት መናገር ሲጀምር፣ በግቢው የቆመው ሕዝብ ቀስ በቀስ ዝም አለ፤ ርግቦች በጣራው ላይ ይመላለሱ ነበር፣ ከወንዙም የጀልባ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ሌሊቱ መጣ። ከጸጋዬ ማክቤዝ በቃሌ የያዝሁት ስንኝ በአእምሮዬ ከእንግሊዝኛው ጎን ለጎን ይሄድ ስለ ነበር፣ ያመለጠኝ ቃል ቢኖር የአማርኛው ይሞላልኝ ነበር። ከግድያው በኋላ የሰከረው በረኛ ወጥቶ ሕዝቡን ሲያሥቅ፣ ተዋናዩ ከፊቴ ቆሞ ዐይን ዐይኔን እያየ አንድ ቀልድ ለእኔ ብቻ የተናገረው መሰለኝ፤ ሼክስፒር ያን ሣቅ ለምን በደሙ ማግሥት እንዳስቀመጠው በመጽሐፍ ሳነብ አልገባኝም ነበር፣ በዚያች ሰዓት ግን ገባኝ፤ ሣቁ ሲቆም ደሙ አዲስ ሆኖ ይታያልና። ይህን ያስተማረኝ ቆሞ ማየት ነው፤ ከላይ በሰገነት ለተቀመጡት እንዲህ ቀርቦ የሚነገራቸው አልነበረም።

ከግሎብ ወደ ምዕራብ በወንዙ ዳር ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ቢሄዱ የእንግሊዝ ብሔራዊ ትያትር ይገኛል። ማኅበሩ በ1963 በሎረንስ ኦሊቪየ መሪነት፣ ፒተር ኦቱል ሐምሌትን ሆኖ በተጫወተበት ትርኢት በኦልድ ቪክ ተመሠረተ፤ አሁን ያለበትን፣ ብዙዎች የሚነቅፉትን ነገር ግን ለእኔ ግርማ ያለው የሚመስለኝን የሲሚንቶ ሕንፃ፣ የነደፈው ዴኒስ ላስደን ነው፤ የተከፈተውም በ1976 ነው። በውስጡ ሦስት አዳራሾች አሉ፤ ተውኔቶቹም እየተፈራረቁ ይታያሉ እንጂ ለዘመናት አይቈዩም። ከላይ የሚያልፈውን አስቀድሙ ያልሁት ለእንዲህ ያለው ቤት ነው። በ2007 ስለ አንድ የጦር ፈረስ የተሠራው ተውኔት የወጣው ከዚህ ነው፤ ሃንድስፕሪንግ የተባሉት የኬፕታውን የአሻንጉሊት ጥበበኞች ከሸምበቆ መሰል እንጨት የሠሩትን ፈረስ ሦስት ሰዎች በግልጥ እየታዩ ያንቀሳቅሱታል፤ ተመልካቹ ግን ሰዎቹን ረስቶ ፈረሱ ሲተነፍስ ያያል። ከአፍሪካ ጫፍ የመጣ ጥበብ በእንግሊዝ ብሔራዊ መድረክ ላይ የአውሮፓን ጦርነት ሲተርክ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ምርጫው ሌላ ነው። በዚያች ከተማ ተወልዳ የምታድገውን የወንድሜን ልጅ ይዤ ወደ ላይሲየም ትያትር፣ ከ1999 ጀምሮ «የአንበሳው ንጉሥ» ወደሚታይበት ቤት ሄድን። አዘጋጇ ጁሊ ቴሞር በዚህ ሥራ ሙዚቃዊ ተውኔት በማዘጋጀት የአሜሪካን የቶኒ ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ የተዋንያኑን ፊት በጭምብል አልሸፈነችም፣ ጭምብሉን ከራሳቸው በላይ አድርጋ ሰውንም አውሬውንም አንድ ላይ አሳየችን። የደቡብ አፍሪካው ሌቦ ኤም ያዘጋጀው የዙሉ ዜማ ሲነሣና ዝሆኖቹ በመቀመጫዎቹ መካከል አልፈው ወደ መድረኩ ሲወጡ ልጅቱ እጄን ይዛ አልለቀቀችም። በዕረፍቱ ጊዜ፣ እንደ አገሩ ልማድ አይስክሬም ይዘን ቆመን ሳለ፣ «ጋሼ፣ አጎትየው ወንድሙን ለምን ገደለው?» አለችኝ።

«ስለ ዙፋን ነው፣ ልጄ» አልኋት።

«ልጁስ ምን ያደርጋል?»

«ይህን የሚጠይቅ ሌላ ልዑልም አለ፤ የአባቱ መንፈስ በሌሊት የሚገለጥለት። ከፍ ስትዪ ሐምሌትን እናያለን» ብዬ ያን ታሪክ ዕረፍቱ እስኪያልቅ ተረክሁላት፤ ሁለቱ ታሪኮች በመሠረታቸው ወንድማማች ናቸውና። ልጅን ወደ ትያትር የሚወስድ ሰው የሚያስደስተውን ብቻ ሳይሆን የሚያስጠይቀውን ይምረጥለት ብል ስሕተት አይመስለኝም።

ስለ ትኬትና ስለ መቀመጫ ጥቂት ልበል። በሌስተር አደባባይ፣ ከ1980 ጀምሮ፣ በቀነሰ ዋጋ ትኬት የሚሸጥበት ቤት አለ፤ በአደባባዩ ዙሪያ ተመሳሳይ ጽሑፍ የለጠፉ ሌሎች ሱቆች ስላሉ፣ በአትክልቱ ስፍራ ደቡብ በኩል ያለውን ለይቶ መሄድ ይበጃል። ብዙ ቤቶች ለዕለቱ የሚሆን ጥቂት ርካሽ ትኬት በጠዋት ይሸጣሉ። የቀን ትርኢት በሳምንቱ መካከልና ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ወይም ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚጀምር፣ ምሽቱን ለዘመድ መጠየቂያ ማትረፍ ይቻላል። በጥንታውያኑ ቤቶች ምሰሶ የሚጋርደው መቀመጫ አለ፤ በትኬቱ ላይ እይታው የተገደበ መሆኑ ይጻፋልና ሳያነቡ አይግዙ። ለሙዚቃዊ ተውኔት ከፍ ያለ ሰገነት አይከፋም፣ የመድረኩ ሥዕል ሙሉ ሆኖ ይታያልና፤ ለቃል ተውኔት ግን፣ በተለይ ቋንቋው የእናት ቋንቋ ላልሆነለት ሰው፣ የተዋናዩን አፍና ዐይን ማየት የግድ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለውድ መቀመጫ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃው ሰው፣ ለዘፈኑ ርካሹን፣ ለቃሉ ውዱን ይግዛ።

ታዋቂ የፊልም ተዋናይ ስለሚገኝበት ብቻ ተውኔት የሚመርጡም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ተዋናዩ በዚያች ምሽት ታሞ ተተኪው ቢወጣ ገንዘቡም ምኞቱም አብሮ ይቀራል፤ ተውኔቱን ወዶ የመጣ ግን ማንም ቢጫወተው ያተርፋል፤ ተተኪውም አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል።

አንድ ምሽት ብቻ ያለው ሰው ምን ይይ ተብዬ ብጠየቅ መልሴ የታወቀ ነው። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ የእነርሱ በጋ በሆነበት ወራት፣ ማናቸውም ተውኔት ቢሆን በግሎብ ግቢ ቆሞ ይመልከት። በቀሩት ወራት ወደ ብሔራዊው ትያትር ሄዶ በዚያ ሳምንት የሚያበቃውን ይጠይቅ። ሁለተኛ ምሽት ከተገኘለት፣ የሁጎን መጽሐፍ ያነበበ እንደ ሆነ ወደ «ሌ ሚዜራብል»፣ ልጅ የያዘ እንደ ሆነ ወደ ላይሲየም ይሂድ። አንባቢ ሆይ፣ ለጉዞ ሻንጣህን በምታዘጋጅበት ቀን፣ ከልብስህ መካከል ለጸጋዬ ሐምሌት ወይም ለማክቤዝ የሚሆን ስፍራ አስቀርለት፤ በአውሮፕላኑ ውስጥም አንብበው።